ቀለም ሌላ፣ ጥበቃ ሌላ

ባለፈው መስከረም አንድ ጓደኛዬ ሦስት ፎቶ ላከልኝ። የቀለም ናሙናዎች ናቸው፤ አንዱ ድፍን ጥቁር፣ አንዱ የበረሃ አሸዋ የሚመስል፣ አንዱ ነሐስ ብጤ። ከሥር «የቱ ይሻለዋል?» የምትል አንዲት መስመር አለች። ለማን ነው ብዬ ስጠይቀው አራተኛው ፎቶ መጣ። ቨርጂኒያ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ የተጋደመ፣ ብረቱ ቡናማ የሆነ፣ ሰደፉ በሽቦ የታሰረ አሮጌ ጠመንጃ። አጭሩ የፈረሰኛ ምንሽር!

ነገሩን ላልሰማ ልንገር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት አሜሪካ ገበያ ላይ ውለዋል። የጣሊያን ካርካኖና ቬተርሊ፣ የፈረንሳይ ግራ፣ የቤልጅየም ማውዘር። እነዚህን ጠመንጃዎች የኛ ሰው በራሱ አፍ ዳግም አጥምቋቸዋል፤ ማንሊከር ምንሽር ሆነ፣ ፉዚል ግራ ውጅግራ፣ ስናይደር ስናድር፣ ከቤልጅግ የመጣውም በልጅግ። አያቶቻችን በቀረርቶና በፉከራ የጠሯቸው ስሞች ዛሬ በካርድ ይከፈልባቸውና በካርቶን ታሽገው ፈቃድ ወዳለው ሻጭ ይላካሉ። ጓደኛዬም በሕጉ ገዛ። ዕቅዱ ሰደፉን ጥሎ በፕላስቲክ መቀየር፣ መነጽር የሚታሰርበት ቀዳዳ ማስበሳት፣ ብረቱን ሴራኮት ማስቀባት፣ ከዚያ በኅዳር አጋዘን ማደን ነው። «ዝገቱ እየበላው ነው፤ ላድነው ብዬ ነው እኮ» አለኝ።

ይህ ጽሑፍ ለሱ የሰጠሁት መልስ ነው፤ ትንሽ ረዝሟል። «የትኛው ልባስ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መልክ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። መልክ መውደድ ነውር የለበትም። ነውሩ መልክን «ጥበቃ» ብሎ መጥራት ነው፤ ምክንያቱም ጥበቃ ሲባል ሁላችንም እጃችንን እናነሳለን፣ ማንም አይከራከርም፣ በዚያ ስምም ተመልሶ የማይገኝ ነገር ይፋቃል።

እስቲ ከዝገቱ እንጀምር። ቀዩ ዝገት ብረት ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ኦክሳይድ ነው። ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ያብጣል፣ ይላጣል፣ ሲላጥ ከሥሩ ያለውን አዲስ ብረት ለእርጥበት ይገልጠዋል። የማይጠግብ ነገር ነው። ግን ብረት ሌላ ኦክሳይድም አለው፤ ጥቁሩ፣ ማግኔታይት የሚሉት። ይኸኛው አይላጥም፤ ብረቱን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። «ብሉዪንግ» የሚባለው የድሮ ጠመንጃ ሰማያዊ ጥቁረት ይኸው ነው፤ ቀለም የተቀባ ነገር የለም፣ የብረቱ የራሱ ቆዳ ነው። በጥንቱ ዘዴ ብረቱን አሲድ ያለበት ውሃ ቀብተው እርጥበት ውስጥ ያዝጉታል፣ ከዚያ በፈላ ውሃ ይቀቅሉታል፣ ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ በብረት ሱፍ አሽተው እንደገና ያዝጉታል፣ እንደገና ይቀቅሉታል፣ ቀናት እስኪፈጅ። ምጣድ ሲሟሽ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እናቴ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ስታሟሽ በአንድ ቀን አትጨርስም ነበር። ተሟሽቶ ካለቀ በኋላም ምጣዱን የሚያኖረው አያያዙ ነው።

ብሉዪንግ የሚወዱ ሽማግሌዎች የማይነግሩህ ነገር ይኸው ነው። እነሱንም ዝም ብዬ አላልፋቸውም። «እንደ ድሮው ብሉ የመሰለ የለም» ይላሉ፤ ሲያምር እውነት ነው። ግን ያ ሰማያዊ ቆዳ ብቻውን ከዝገት እምብዛም አያስጥልም። ውፍረቱ በጣት በሚቆጠር ማይክሮን ነው፣ ቀዳዳም አለው። የሚጠብቀው በላዩ ያለው ዘይት ነው፤ ጥቁረቱ ዘይቱን ይዞ ያቆያል። ከአደን ተመልሰህ በላብ እጅህ የነካኸውን ጠመንጃ ሳትወለውል በቆዳ ማኅደር ውስጥ ከትተህ ብታስቀምጠው በሳምንቱ የጣትህን አሻራ በዝገት ታትሞ ታገኘዋለህ። (በነገራችን ላይ የቆዳ ማኅደር ጠመንጃ መሸከሚያ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። እርጥበት ይይዛል፤ ቆዳው የተለፋበት ጨውና አሲድም ለብረት ጠላት ነው።)

ፈጣኑ ብሉዪንግ ደግሞ በኮስቲክ ሶዳና በናይትሬት ጨው ውስጥ፣ 140 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ በግማሽ ሰዓት ያህል የሚጠናቀቅ ነው። ፋብሪካዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። አሉሚኒየም እዚያ ውስጥ ብትከት ይሟሟል፤ በለስላሳ ብየዳ የተያያዘ ጥንድ አፈሙዝ ብትከት ብየዳው ይበላል። ከገንዳው በፊት ግን ብረቱ በሚሽከረከር ጨርቅ መወልወል አለበት። አሮጌ ጠመንጃ የሚሞተውም እዚያው ላይ ነው። ጥርት ያለው ጠርዝ ይዶለዱማል፣ የብሎን ቀዳዳው አፉ ይሰፋል፣ የፋብሪካው ፊደል ሳሙና ላይ እንደተጻፈ ይቀልጣል። ብዙ «የታደሰ» ጠመንጃ አይቻለሁ፤ መስታወት መስሎ፣ ስሙን ረስቶ።

ፎስፌት የሚለብሰው፣ ፓርከራይዝድ የሚሉት፣ ከዚህ ይልቅ ሐቀኛ ነው። ብረቱ ዚንክ ወይም ማንጋኒዝ ባለበት ትኩስ ፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ ይነከራል፤ የሚወጣው ሻካራ፣ የማያብለጨልጭ፣ ዘይት እንደ ስፖንጅ የሚጠጣ ልባስ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደር ጋራንድ ግራጫማ መልኩን ያገኘው ከዚህ ነው። ቁንጅና የለውም፣ አለኝም አይልም። ዘይት ካጣ ግን እሱም ይዝጋል።

ሴራኮትስ? እውነቱን እንነጋገር፤ ጥሩ ነገር ነው። ኦሪገን ውስጥ የሚሠራ፣ ሴራሚክና ፖሊመር የተቀላቀለበት ስስ ቅብ ነው፤ ውፍረቱ 25 ማይክሮን ገደማ። ዋናው ዓይነቱ በምድጃ 121 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሰዓት ይበስላል። በትክክል ከተቀባ ጨውና ዝናብ ብዙ ጊዜ ይችላል፤ አዲስ ጠመንጃ ይዘህ ባሕር ዳርቻ ወይም በረዶ ላይ የምታድን ከሆነ እኔ ራሴ ቀባው እልሃለሁ። ነገር ግን ቅቡ እንዲይዝ ብረቱ መጀመሪያ በአሴቶን ይታጠባል፣ ከዚያ በኃይለኛ አየር በሚረጭ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም የጋርኔት አሸዋ ይደበደባል። አሸዋው ከዝገቱና ከድሮው ቆዳ ጋር ያገኘውን ሁሉ ይወስዳል፤ ጥልቀት የሌለውን ጭረት፣ በቀላሉ የተመታውን ማኅተም። የተረፈው ፊደል ላይ ቅቡ ይሞላበታል። ሻጮቹ የሚኩራሩበት የጨው ጭጋግ ሙከራም አለ፤ ናሙና ብረት በ35 ዲግሪ ሙቀት፣ አምስት በመቶ ጨው ባለው ጭጋግ ውስጥ ሰዓት ይቆጠርለታል። ጥሩ ሙከራ ነው። ግን ያ ናሙና ጥይት አልተኮሰም፣ መቀርቀሪያ አልተመላለሰበትም፣ ድንጋይ ላይ አልወደቀም። ቅቡ በተጫረበት ቦታ ብረቱ ራቁቱን ነው።

ናይትራይድ የሚሉት ደግሞ ከሁሉም ይለያል፤ ናይትሮጅንና ካርቦን 580 ዲግሪ ገደማ በሆነ የቀለጠ ጨው ውስጥ ወደ ብረቱ ገላ ይገባሉ። ላዩ ይጠነክራል፣ ዝገትም በደንብ ይቋቋማል። ለአዲስ ጠመንጃ ከሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። ቀድሞ በሙቀት ለተጠነከረ የ90 ዓመት ብረት ግን እንዲህ ያለ ሙቀት መድገም ጥንካሬውን ሊያበላሽ ይችላል፤ የሚፈነዳውም ፊትህ አጠገብ ነው።

እስካሁን የዘረዘርኩት በሙሉ ውጩን ነው። ላዩ ይኸው፤ ውስጡን ለቄስ።

ልባስ የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሆነበትን ጊዜ ማወቅ የፈለገ የኤም 16ን ታሪክ ያንብብ። በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ ይህ ጠመንጃ ቬትናም ሲገባ ውጩ እንከን አልነበረውም፤ ቀላል፣ ጥቁር፣ ዘመናዊ። ነገር ግን ጥይት የሚጎርሰው ክፍልና የአፈሙዙ ውስጥ ክሮም አልተለበጡም ነበር። በዚያ ላይ የባሩዱ ዓይነት ተቀይሯል፤ በዚያ ላይ ለወታደሩ መወልወያ በበቂ አልተሰጠውም፣ ጠመንጃው ጽዳት የማይፈልግ ያህል ተወርቶለታል። በዚያ እርጥበት ውስጥ ጥይት የሚጎርሰው ክፍል ዛገ፣ ቀለሃው ተጣብቆ አልወጣም አለ፣ ወታደሮች ጠመንጃቸውን ፈታተው ሊያስተካክሉ ሲታገሉ ሞቱ። ጉዳዩ ምክር ቤት ደረሰ፤ በ1967 በአይኮርድ የሚመራው ንዑስ ኮሚቴ መረመረው። በኋላ መጀመሪያ ጥይት የሚጎርሰው ክፍል፣ ቀጥሎም የአፈሙዙ ውስጥ በሙሉ ክሮም ተለበጠ። ከወዲያ ማዶ የነበረው ክላሽ፣ ሁላችንም የምናውቀው ክላሽ፣ ውስጡ ክሮም የተለበጠ ነበር። ውጩ ቢዝግ፣ ቀለሙ ቢላጥ፣ ሰደፉ ቢሰነጠቅ ይተኩሳል። ሥራው የሚሠራበትን ቦታ ለይተው ጠበቁት፤ ሌላውን ለባለቤቱ ዘይት ተዉት።

እንግዲህ ጓደኛዬ ገንዘቡን ሊያወጣ ያሰበው ሰው የሚያየው ቦታ ላይ ነው። የአፈሙዙን ውስጥ አብርቶ አይቶት አያውቅም! የድሮ ጥይት ብዙውን ጊዜ ባሩዱን የሚለኩሰው ቅመም ፖታሲየም ክሎሬት አለበት፤ ሲተኮስ የወጥ ቤት ጨው ዘመድ የሆነ ጨው አፈሙዙ ውስጥ ይተዋል። ያ ጨው እርጥበት ይስባል፣ አፈሙዙንም ከውስጥ ይበላል። ዘይት አያጥበውም፣ ምክንያቱም ጨው በዘይት አይሟሟም፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት ነው። ይህን የማያደርግ ሰው ውጩን በወርቅ ቢለብጠውም ጠመንጃው እየሞተ ነው። ሰደፉ አውጥቶ ያላየ ሰውም እንደዚያው፤ አደገኛው ዝገት የሚደበቀው ከእንጨቱ በታች፣ ላብና ዝናብ ገብቶ በማይወጣበት ቦታ ነው። በጉድጓዱ ላይ ቅብ ማልበስ ጉድጓዱን አይደፍነውም፤ ይደብቀዋል።

ይህን ሁሉ ስነግረው ሦስት ነገር መለሰልኝ። ሦስቱንም ከሌሎች ሰዎች ሰምቼዋለሁ።

አንደኛው «ንብረቴ ነው»። ልክ ነው፣ ንብረትህ ነው። ተከታታይ ቁጥሩን እስካልፋቅህ ድረስ (እሱ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው) የሚከለክልህ የለም። እኔም ፖሊስ አልጠራብህም። ንብረትህ ስለሆነ ግን ልክ ነህ ማለት አይደለም፤ የአያትህ ዳዊትም ንብረትህ ነው፣ ብራናውን ፍቀህ የስልክ ቁጥር ትጽፍበታለህ?

ሁለተኛው «አባቶቻችንም እኮ ያስጌጡት ነበር» የሚል ነው። ይኸኛው ይሻላል። አዎ፣ ሰደፍ በቆዳ ለብጠዋል፣ ማንገቻ አሳምረዋል፣ የተሰነጠቀ እንጨት በሽቦ አስረዋል፣ ስማቸውን ቀርጸዋል። ያደረጉት ግን ሁሉ ጭማሪ ነው። የጣሊያኑን ማኅተም ፍቀው የራሳቸውን ለማተም ሲደክሙ አታይም፤ ከጎኑ ይጽፋሉ። በእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ ከቤልጅየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የተገዙት ማውዘሮች አንዳንዶቹ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተመትቶባቸዋል፤ የፋብሪካው ስምም እዚያው አለ። በስተመጨረሻ ደግሞ የአሜሪካው አስመጪ ሕጉ የሚያስገድደውን የራሱን ምልክት መታበት። አስቀያሚ ነው፣ ግን እሱም እውነት ነው። ጠመንጃው የሄደበትን መንገድ ሁሉ ቆዳው ላይ ይዞ መጥቷል። አንተ በአንድ ከሰዓት በኋላ አሸዋ ረጭተህ ልታስረሳው ነው።

ሦስተኛውን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያለው፦ «ዝገቱ ያሳፍረኛል። ፈረንጆቹ ሲያዩት ይሥቃሉ፤ የኢትዮጵያ ጠመንጃ እኮ ቆሻሻ ነው እየተባለ ይቀለድበታል።» እዚህ ላይ ትንሽ ዝም አልኩ። እውነት ነው፣ ይቀለዳል። ምንሽሩን ሲያየው ያ ቀልድ ትዝ ይለዋል፤ ሴራኮቱ የተፈለገው ለዝገቱ ሳይሆን ለቀልዱ ነው። ወንድሜ፣ ያንን ጠመንጃ የያዘው ሰው የጠመንጃ ዘይት በየሱቁ አያገኝም ነበር። መለዋወጫ አልነበረውም። በሽቦ ያሰረው ሰደፍ ግን ዛሬም ይዟል። የሚያሳፍረው የቱ ላይ ነው?

«አገር ቤት እንዲህ እየሆነ ስለ ጠመንጃ ቀለም ታወራለህ?» የሚልም እንደሚኖር አውቃለሁ። አወራለሁ። ጠመንጃ ሰው የሚገድል ዕቃ መሆኑ ትዝ የሚለው ሰው የስልክ ሽፋን ሲመርጥ እንደሚመርጥ አይመርጥለትም። እኔን የሚያስፈራኝ በአሸዋ ቀለም አሻንጉሊት መስሎ፣ በየአጭር ቪዲዮው ሙዚቃ ተደርጎለት የሚሽከረከረው ነው። ቡናማው፣ የተቧጨረው፣ በሽቦ የታሰረው ምን እንደሆነ ሲያዩት ይታወቃል።

«እሺ፣ ታዲያ ይበላ ልተወው?» አለ። አይደለም! ቀዩ ዝገት ይቁም። ግን ለዚህ የሚበቃው መላ እዚያው ብሉዪንጉ ውስጥ አለ። ብረቱን ከእንጨቱ ትለያለህ፣ ቅባቱን ታጥባለህ፣ በተጣራ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ትቀቅለዋለህ። ቀዩ ዝገት እዚያው ብረቱ ላይ እንዳለ ወደ ጥቁር ይለወጣል። አውጥተህ በጣም ቀጭን በሆነ የብረት ሱፍ፣ ሳትጫን፣ የላላውን ታነሳለህ፤ የቀረው ዘይት ወይም ሰም ይጠጣል። ሙዚየሞች ለብረት የሚጠቀሙበት፣ በብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ ሙከራ የተቀመመው ሬኔሳንስ የሚባለው ሰም አለ፤ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ዕድሜ ልክ ትበቃለች። ብርጭቆ ወረቀት አያስፈልግም፣ አሸዋም ምድጃም አያስፈልግም። ያረጀው ብረት የራሱ ዝገት ልባስ ይሆነዋል። ወጪው ከሴራኮቱ ጋር አይወዳደርም፤ ማንም ገንዘብ ስለማያገኝበት ይመስለኛል የሚያስተዋውቀው የጠፋው። ከመተኮሱ በፊት ደግሞ ጠመንጃ ጠጋኝ ይየው፤ ይህ ልመና አይደለም።

ቅዳሜ ሄድኩለት። ለበዓል ዶሮ የሚሠራበት ትልቁ ድስት አልበቃንም፤ ከቤት ዕቃ መደብር ረጅም የቆርቆሮ ገንዳ ገዝተን ጓሮ ውስጥ በሁለት የጋዝ ምድጃ ላይ ጣድነው። ሚስቱ በመስኮት እያየች፣ «ምን እየቀቀላችሁ ነው?» አለች። ውሃው መጀመሪያ ጠላ መሰለ፣ ቀጥሎ ቡና። ብረቱ ሲወጣ እንደ ከሰል ጥቁር ነበር። ሁለታችን ተራ በተራ አሸነው። ሁለተኛው ቅቀላ ላይ፣ አፈሙዙ ከመቀርቀሪያው ቤት ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ዝገት ብቻ ከመሰለን ሥር ቁጥር ብቅ አለ፤ 1936፣ ከጎኑም በሮማውያን አሃዝ 14።

«አሥራ አራት ምንድነው?» አለኝ። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 ጀምሮ የተቆጠረ የፋሽስት ዓመተ ምሕረት ነው አልኩት። አሥራ አራተኛው ዓመት አዲስ አበባ የገቡበት ዓመት ነው። ሰደፉን ከማሽኑ ላይ አንስቶ በሽቦው ሥር ያለውን ቅርጽ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ በቢላ የተቀረጸች ትንሽ መስቀል ናት፣ ከዚያ በፊት ጭረት መስላው ነበር።

ብዙ አላወራንም። ዘይቱን እየቀባ ሳለ ቀና ብሎ፣ «ለአደኑ ግን አዲስ መግዛቴ ነው። እሱንስ ምን ላድርገው?» አለ።

ናይትራይድ የሆነ ግዛ አልኩት፤ በላዩ ቀለም ካማረህ ደግሞ የፈለግኸውን ቀባ። ነሐሱን መረጠ።